የ3 እና የ7 ዓመት ልጆች ይዞ ፎርሙላ ዋን መሄድ፦ ሞክራችሁት የምታውቁ?

ባለ ሁለት ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የፎርሙላ ዋንን የመኪና ውድድር በቴሌቪዥን ማየት የጀመርኩት ልጅ ሆኜ ነው። በአካል ግን አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። ዘንድሮ ተሳካልኝና የሦስቱንም ቀን ትኬት ለአራታችን ቆረጥኩ። ስቆርጥ የታየኝ ልጆቼ ተራ በተራ ትከሻዬ ላይ ሆነው ባንዲራ ሲያውለበልቡ ነበር። አሁን ሁለት ወር ሲቀረው የሚታየኝ ሌላ ነው። ትንሿ ሽንቴ መጣ ስትል፣ ትልቁ ሰለቸኝ ሲል፣ እናታቸው ደግሞ ምንም ሳትናገር ዝም ብላ ስታየኝ።

ትልቁ 7 ዓመቱ ነው። መኪኖቹን በቀለማቸው ይለያቸዋል። ከእኔ ጋር እስከ 20ኛው ዙር ድረስ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ላይ የራሱን ውድድር ይጀምራል። ትንሿ ገና 3 መሙላቷ ነው። እሷ ደግሞ ብሌንደር በተነሳ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ከኩሽና የምትሮጥ ልጅ ናት። እንግዲህ አስቡት።

ድምፁ ለጆሯቸው ምን ያህል ያሰጋል? ጋሪ ይዤ ልግባ ወይስ ልዘላት? ከሦስቱ ቀን የትኛው ይሻላል? ደግሞ ሳትደብቁ ንገሩኝ፣ ትንሿን አያቷ ጋ ትቼ ብሄድ ነው የሚሻለው? እናታቸው የምትለው እንደዚያ ነው። እኔ ግን ወንድሟን ይዤ ስወጣ በር ላይ የምታሳየኝ ፊት ከወዲሁ እየታየኝ ነው።

የክዳኖቹ እናት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ሚስትህን ደግሞ ስማት፣ ግማሹን ብቻ።

እኔ ልጄን በ5 ዓመቱ ወስጄዋለሁ። እሑድ ነበር፣ የዋናው ውድድር ቀን። መኪናችን ከቆመበት እስከ መግቢያው በእግር፣ ከመግቢያው እስከ ትሪቡናችን (የተመልካች መቀመጫው) እንደገና በእግር፣ መሃል ላይ ፍተሻና ወረፋ። ወንበራችን ላይ ስንደርስ ልጁ የቀኑን ጉልበት ጨርሶታል። ውድድሩ ሊጀመር ደግሞ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል።

ሲጀመር ግን ምን ልበልህ። መኪኖቹ ሁሉም በአንዴ ሲነሱ ድምፁ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ልጄ አፉን ከፍቶ፣ በጆሮ መከላከያው ላይ ሁለት እጁን ደርቦ፣ ዓይኑ እንደ ሳህን ሆነ። ያን ፊት ለማየት ብቻ ደግሜ እሄዳለሁ። አምስተኛው ዙር ላይ "እማዬ፣ አሁን ያለፈው አንደኛው ነው መጨረሻው?" አለኝ። እኔም አላወቅኩም፤ ስክሪኑን ምሰሶ ጋርዶብናል። አስራ አምስተኛው ላይ ከወንበሩ ሥር ገብቶ የጠርሙስ ክዳን መልቀም ጀመረ። ውድድሩ ሲያልቅ 31 ክዳን ነበረው። ዛሬም ስለዚያ ቀን ሲያወራ ስለ ክዳኖቹ ነው፤ ማን እንዳሸነፈ ብትጠይቀው አያውቅም።

እና ከዚያ ምን ተማርኩ መሰለህ፣ ቤት ሆነን ስናይ ካሜራው ሁልጊዜ መኪና ያሳየናል፣ ትራኩ ላይ ግን መኪኖቹ ያልፋሉ፣ ከዚያ ባዶ አስፋልት ታያለህ፣ ከዚያ እንደገና ያልፋሉ። ለልጅ ያ ባዶ ጊዜ ረጅም ነው። አጭር ትራክ የሆነ እንደሆነ ይሻላል። ሞናኮ አንድ ዙር 3.337 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 78 ጊዜ ያልፉልሃል፣ የቤልጂየሙ ስፓ ግን 7 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 44 ጊዜ ብቻ። አንተ ትኬቱን ቆርጠሃልና ትራኩን አትቀይረውም፤ ወንበርህ ግን ስክሪን ፊት ለፊት መሆኑን አሁኑኑ ካርታው ላይ እይ። ካልሆነ ለመቀየር ሞክር። ስክሪን ካለ ለልጁ "ያው የኛ ሰው ሦስተኛ ነው" ማለት ትችላለህ፣ ካልሆነ ግን ድምፅ ብቻ ነው የምታሳየው።

ጆሮ ላይ የምሠራ

ሰላም። የመስማት ችሎታ ምርመራ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ስለ ጆሮው እኔ ልናገር።

ሰው "ድሮ ነው እንጂ አሁን ሞተሩ ዝም ብሏል" ይላል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ 1.6 ሊትር ቱርቦ ቪ6 (ባለ 6 ሲሊንደር) ሆኗል፣ ከቀድሞው ቪ8 ጋር አይወዳደርም። ግን ዝም አላለም። ትራኩ አጠገብ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) በላይ ነው። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በሥራ ቦታ የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት እያለ ሲሄድ 100 ላይ የሚፈቀድልህ 15 ደቂቃ ነው። ይህ ደግሞ ለአዋቂ ሠራተኛ የወጣ ልክ ነው። ውድድሩ ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል። ብዙ ቦታ ከእሱ በፊት የፎርሙላ 2፣ የፎርሙላ 3 እና የፖርሸ ውድድሮችም አሉ፣ እነሱም ሞተር ናቸው፣ ያኔም መከላከያው አይወልቅም። የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ደግሞ እንደ ቁስል አይሽርም።

ለልጆች የሚሆነው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት ነው፣ በራስ ላይ የሚደረገው። ተጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ ለ3 ዓመት ልጅ እርሳው። ቀዳዳዋ ጠባብ ነው፣ በትክክል አይገባም፣ አውጥታ አፏ ውስጥ ከከተተችው ደግሞ ያንቃታል። ሙዚቃ የሚሰማበት ሄድፎንም መከላከያ አይደለም፣ "ድምፅ ያጠፋል" ተብሎ ቢጻፍበትም። ስትገዛ ማሸጊያው ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ የተጻፈበትን ፈልግ፣ በልጅ ራስ ልክ የተሠራ ይሁን።

ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ኮፍያ ለፀሐዩ ያደርጉለታል፣ መከላከያውን ከላይ ይጭኑበታል፣ የኮፍያው ጠርዝ ከመከላከያው ትራስ ሥር ይገባል፣ በዚያች ቀዳዳ ድምፁ ሁሉ ይገባል። መነጽርም፣ ወፍራም ሹሩባም እንደዚያው። ጣትህን በዙሪያው አዙርና ክፍተት ፈልግ። ቆዳዋ ላይ በደንብ መግጠም አለበት።

የብሌንደሯን ነገር ደግሞ አትጥላው፣ ጥሩ መለማመጃ ነው። ዛሬውኑ ግዛና መጀመሪያ እንደ መጫወቻ ስጣት፣ አሻንጉሊቷም ታድርገው። ከዚያ ብሌንደሩን ከሩቅ ክፍል አስነሳ። ቀስ በቀስ ቅረብ። ትራኩ በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ላይ ብትጭንባት አውልቃ ነው የምትወረውረው፣ ያኔ ምንም ማድረግ አትችልም። ለግማሽ ሰዓት አድርጋ መጫወት ካልቻለች አትውሰዳት። በቃ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ደረቅ እውነት

ሁላችሁም ልጅቷን እንዴት ይውሰዳት ነው የምታወሩት፣ ለምን ይወስዳታል ያለ የለም። የ3 ዓመት ልጅ ምኑንም አታስታውሰውም። ይሄ የአንተ ሕልም ነው ወንድሜ፣ ጥሩ ሕልም ነው፣ ግን የሷ አይደለም። እኔ የ4 ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ ያየሁት ውድድር ሳይሆን የሽንት ቤት ወረፋ ነው። የመጨረሻዎቹን አስር ዙሮች የሰማሁት ከላስቲክ በር ጀርባ ሆኜ ነው፣ ማን ማንን እንዳለፈ ከሕዝቡ ጩኸት እየገመትኩ።

ደግሞ አየሩንም አስብ። እ.ኤ.አ. በ2021 ስፓ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ውድድሩ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊጀመር ነበር፣ ዝናቡ አላቆም አለ፣ ሕዝቡ ከሦስት ሰዓት በላይ በዝናብ ጠበቀ፣ መጨረሻ ላይ መኪኖቹ ከሴፍቲ ካር (ፍጥነት ከሚያስቀንሰው መሪ መኪና) ኋላ ተሰልፈው ጥቂት ዙር ሄዱና አለቀ ተባለ። ለአሽከርካሪዎቹም ግማሽ ነጥብ ነው የተሰጣቸው። አንተ ብቻህን ከሆንክ ታሪክ ነው፣ ለጓደኛ ታወራዋለህ። የረጠበች የ3 ዓመት ልጅ ታቅፈህ ከሆነ ግን ምን እንደምትሆን አንተው ታውቃለህ።

ትልቁን ውሰድ። ትንሿን ተው። ስታድግ ትከስሃለች ብለህ ነው?

የዓርብ ሰው

@ደረቅ እውነት አቦ ልክ ነህ ግን እሑድን ብቻ ነው ያየኸው። ዓርብ ሌላ ዓለም ነው።

ባለ ሁለት ልጅ፣ የሦስት ቀን ትኬት አለህ አይደል? ዓርብን የልጆቹ ቀን አድርገው። በመደበኛው መርሐ ግብር ዓርብ ሁለት ልምምድ አለ፣ እያንዳንዱ 60 ደቂቃ። (ስፕሪንት የሚባለው አጭር ውድድር ያለበት ሳምንት ከሆነ ዓርብ አንድ ልምምድ ብቻ ነው፣ ከዚያ የስፕሪንቱ ማጣሪያ ይከተላል፣ መርሐ ግብሩን እይ።) ሕዝቡ ከእሑዱ በጣም ያንሳል። መኪኖቹ በአንዴ ተሰብስበው ሳይሆን አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ስለሚወጡ ባዶ ጊዜው አይረዝምም፣ ልጁም እያንዳንዱን ለይቶ ያያል። በብዙ ቦታ ዓርብ ትሪቡኖቹ ላይ እንደልብ መቀያየር ይቻላል፣ በሩ ላይ ጠይቅ። ትንሿ ከ20 ደቂቃ በኋላ በቃኝ ካለች ይዘሃት ትወጣለህ፣ ምንም አልቀረብህም፣ ማንም ዋንጫ አያነሳም። እሑድ 60ኛው ዙር ላይ በቃኝ ብትልህ ግን ትናደዳለህ፣ አትዋሽ።

ለትልቁ ደግሞ ሥራ ስጠው። ልጅ የሚሰለቸው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው። የጎማ ቀለም ይቁጠር። ቀይ ለስላሳው ነው፣ ቢጫ መካከለኛው፣ ነጭ ጠንካራው፣ አረንጓዴ ለቀላል ዝናብ፣ ሰማያዊ ለከባዱ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ማን በምን ጎማ እንደወጣ ይመዝግብ። የኔ ልጅ በዚህ የተነሳ ከእኔ በፊት "አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሊገባ ነው፣ ጎማው አርጅቷል" ብሎኝ ነበር፣ ልክም ሆነ፣ እስካሁን ይጎርርብኛል። ፒት ስቶፕም (ጎማ ለመቀየር መቆሙ) ቆጠራ ነው። የማክላረን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ኳታር ላይ አራቱንም ጎማ በ1.80 ሰከንድ ነው የቀየረው። "አንድ፣ ሁ..." ብለህ ሳትጨርስ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ካልሲ በመቀየር አለማምደው፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ለመሄድም ይጠቅምሃል።

የጋሪውን ነገር ማንም አልመለሰልህም። ትሪቡን ላይ ደረጃ ነው፣ ጋሪ ይዘህ አትወጣም፣ ታች የምትተውበት ቦታ መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ። ሣሩ ላይ ከሆነ ቦታችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዳፋት ነው፣ ፍሬኑን ረስተህ ዓይንህ መኪና ላይ ሲሆን ጋሪው ቁልቁል ይነዳል። ባዶውን ነበር የኛው፣ እግዜር ይስጠው ያቆመውን ሰውዬ። ለመሄጃና ለመመለሻው ግን ቀላሏን ታጣፊ ጋሪ ያዝ፣ የ3 ዓመት ልጅ ያን ሁሉ መንገድ አትሄድልህም። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ማዘያ ይሻላል።

ቬስት ለባሹ

እኔ ለተወሰኑ ዓመታት በውድድር ቀናት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሕዝብ አስተናግጃለሁ። እናንተ ያልጠቀሳችሁትን አንድ ነገር ልጨምር፣ የጠፋ ልጅ።

መከላከያ ያደረገ ልጅ ስትጠራው አይሰማህም። ይህን ወላጅ አስቀድሞ አያስበውም። ቤት ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ ስሙን ስትጠራ ዘወር ይላል፤ እዚያ ግን ሁለት እርምጃ ቀድሞህ ከሄደ ብትጮህም ዋጋ የለውም፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ስትንቀሳቀሱ እጅ መያዝ ግዴታ ነው። ምልክትም ተስማሙ። ጭኑን ሁለቴ መታ ካደረገ ሽንት ቤት፣ ጆሮውን ከነካ መከላከያው ይጎረብጠኛል፣ እንደዚህ።

ጠፍተው የሚመጡልን ልጆች ጋር የሚደረገው ወሬ ሁሌም አንድ ነው። "የአባትህ ስም ማነው?" "አባዬ።" "እሺ፣ እማዬስ?" "እማዬ።" "ምን ዓይነት ልብስ ነው የለበሰው?" "ቀይ።" ዞር ብዬ ትሪቡኑን አያለሁ፣ ግማሹ ሕዝብ ቀይ ለብሷል፣ የፌራሪ ደጋፊ ነው! እና ስልክ ቁጥርህን ክንዱ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፍለት። ጠዋት ከመግባታችሁ በፊት ሁለቱንም በለበሱት ልብስ ፎቶ አንሳ፣ ልጅ ሲጠፋ ወላጅ የልጁን የሹራብ ቀለም ይረሳል፣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንዳንድ ትራክ መግቢያው ላይ ስልክ የሚጻፍበት የእጅ ማሰሪያ ይሰጣል። ለልጁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አስተምረው። ከጠፋህ ካለህበት አትንቀሳቀስ፣ እንደኔ ቬስት የለበሰ ሰው ፈልገህ ንገረው። ሁለት ነገር ካስተማርከው አንዱን ይረሳል።

ስትወጡ ወይ ከማለቁ አስር ዙር ቀድማችሁ ውጡ፣ ወይ ደግሞ ካለቀ በኋላ አትቸኩሉ። በጣም የሚያስለቅሰው ባንዲራው እንደወረደ ከሁሉም ጋር መጋፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝ ውስጥ ሲልቨርስቶን ላይ በሦስት አራት ቀን ውስጥ 480,000 ሰው ገብቶ ነበር፣ ያን ሕዝብ በአንድ በር አስበው። አንዳንድ ቦታ ካለቀ በኋላ ሕዝቡን ትራኩ ላይ ይለቁታል። ይህ ለልጅ ከውድድሩም ይበልጣል። አስፋልቱ ዳር ላይ ከጎማ የተፈረፈረ ጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ ታገኛለህ፣ ገና ትኩስ ከሆነ ጣት ላይ ይጣበቃል። ልጆች ኪሳቸውን ሞልተው ነው የሚሄዱት። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከመክተትህ በፊት ኪሱን ፈትሽ ብቻ።

የሌሊቱ ውድድር

አጭር ሐሳብ። ትንሿ ዘንድሮ ካልሆነላት ለሚቀጥለው ሌላ ነገር አስቡ። ፎርሙላ ኢ በኤሌክትሪክ ስለሆነ ድምፁ በጣም ያንሳል፣ ማጣሪያውም ውድድሩም በአንድ ቀን ያልቃል፣ ለጀማሪ ልጅ ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ትልቁ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ፈረንሳይ ያለው የ"ለ ማን" ውድድር። 24 ሰዓት ስለሆነ ማንም "አምልጦኛል" አይልም፣ ተኝተህ ተነስተህ ታገኘዋለህ፣ 60 ገደማ መኪና ስላለ ባዶ አስፋልት የለም ማለት ይቻላል፣ ትልቁ የሚሽከረከር መጫወቻም ትራኩ ዳር አለ። እኔና ልጄ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከላይ ሆነን መብራቶቹን አይተናል። ስለዚያ ሌሊት እስካሁን ያወራል፣ ክዳንም አልለቀመም :)

@የክዳኖቹ እናት ይቅርታ፣ መያዝ አልቻልኩም።

የክዳኖቹ እናት

31 ነው፣ አትናቀው። ዛሬ ድረስ በማሰሮ አስቀምጦታል።

ደረቅ እውነት

የዓርቡን ሐሳብ ተቀብያለሁ። የእሑዱን አልተቀበልኩም። የፎርሙላ ዋኑ አሽከርካሪ ሃሚልተን ራሱ ካርት (ትንሿን የውድድር መኪና) የጀመረው በ8 ዓመቱ ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ።

ባለ ሁለት ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እናታቸው ይህን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች፣ በተለይ "ግማሹን ብቻ ስማት" የምትለዋን።

የደረስንበት ይህ ነው። ዓርብ አራታችንም እንሄዳለን፣ የመጀመሪያውን ልምምድ አይተን ትንሿ እንዳለችው እናደርጋለን። ቅዳሜ እረፍት። መከላከያውን ሁለት ገዛሁ። የመጀመሪያ ቀን አሻንጉሊቷ ላይ አደረገችው፣ ሁለተኛ ቀን ራሷ ላይ፣ ግን ተገልብጦ። ትናንት ኩሽና ውስጥ አድርጋው ቆማ ብሌንደሩን አስነሳሁት። ጆሮዋን አልያዘችም። ሳጠፋው "አባዬ፣ ድገመው" አለችኝ። አራት ጊዜ ደገምኩት፣ ውስጡ ምንም አልነበረም። ትልቁ ደግሞ ካልሲ መቀየር ላይ 9 ሰከንድ ደርሷል፣ አንድ እግር ብቻ ግን።

የቀረው እሑድ ነው። አያቷ እሑድ እንደማይመቻት ነግራናለች፣ ስለዚህ ትልቁን ይዞ የሚሄደው ከሁለታችን አንዱ ብቻ ነው። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ቦርሳ ምን ልያዝ ብዬ ልጠይቃችሁ ነበር። እናታቸው ግን ዛሬ ጠዋት "አንተማ ዓርብ ታያለህ፣ እሑድ የምሄደው እኔ ነኝ" ብላኛለች።

እየቀለደች ይመስላችኋል?